ቲቢ አንዱን ጥሎ ሌላውን ለምን ያልፈዋል?

ሉቤክ በሰሜን ጀርመን ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከ1929 መገባደጃ እስከ 1930 የጸደይ ወራት ድረስ በከተማዋ ለተወለዱ 251 ሕፃናት ቲቢን የሚከላከለው የቢሲጂ ክትባት ተሰጠ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ክትባቱ በመርፌ አልነበረም። ሕፃናቱ በተወለዱ በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠጡት ነበር። ጉዱ የመጣው ከላቦራቶሪው ነው። ክትባቱ በተዘጋጀበት ክፍል ሰው የሚገድለው እውነተኛው የቲቢ ባክቴሪያም ይቀመጥ ነበርና ሁለቱ ተቀላቀሉ። ወላጆች ክትባት ነው ብለው ያስጠጡት ነገር ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

72 ሕፃናት በቲቢ ሞቱ። የበዙት ግን ታመው ዳኑ፤ ያውም ለበሽታው አንድም መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ። ጥቂቶቹ ደግሞ ጭራሽ አልታመሙም።

ይህ መዓት ማንም ሆን ብሎ ሊያደርገው የማይችለው ሙከራ ሆኖ ቀረ። አንድ ከተማ፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ። ታዲያ አንዱ ሲሞት ሌላውን ማሳል እንኳ ለምን አላሳለውም? ለብዙ ዓመታት የተሰጠው መልስ «በተፈጥሯቸው ጠንካራ ስለነበሩ ነው» የሚል ነበር። ሉቤክ የዘረ መል ማስረጃ ሆና ስትጠቀስ ኖረች። በ2016 ግን የድሮዎቹን መዛግብት እንደገና ያገላበጡ ተመራማሪዎች ነገሩን አወሳሰቡት። ክትባቶቹ እኩል አልተበከሉም ነበር። ብዙ ባክቴሪያ የደረሳቸው ሕፃናት በብዛት ሞቱ። ጥቂት የደረሳቸው በብዛት ተረፉ። የመጠኑ ልዩነት ብዙውን ነገር ያስረዳል ማለት ነው። ሁሉንም ግን አያስረዳም፤ ተመሳሳይ መጠን ከጠጡት መካከልም የሞተም የተረፈም ነበር።

ስለ ቲቢና ስለ ዘረ መል ሲወራ ይህ ጭቅጭቅ አይቀሬ ነው። ከምን ያህሉ ሰውየው፣ ከምን ያህሉ ደግሞ የደረሰበት ነገር?

«በዘራቸው አለ»

እኛ ጋ ነገሩ ላቦራቶሪ ሳይገባ ሰፈር ውስጥ ይወራል። አባት የሳንባ ነቀርሳ ታሞ ነበር እንበል። ከዓመታት በኋላ ሴት ልጁ ታመመች። ቀጥሎ የወንድሟ ልጅ። በቃ፣ «በዘራቸው አለ» ይባላል። ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ ጆሮ ለጆሮ የሚንሾካሾኩት ይህንኑ ነው።

ወሬው አንድ ቀላል ነገር ይረሳል። ቤተሰብ የሚጋራው ደም ብቻ ሳይሆን አየርም ነው። አባትየው መድኃኒት ሳይጀምር ለወራት ሲያስል፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል አብረውት ያደሩት ልጆቹ ናቸው። ባክቴሪያው ሳንባቸው ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ይከርማል። ከዓመታት በኋላ፣ ሰውነት ሲዳከም ጠብቆ ሊነሳ ይችላል። ያን ጊዜ አባትየው ድሮ ድኗል፣ የተረሳ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ አዲሱ ሕመም «ከዘር የመጣ» ይመስላል።

ፈረንጆቹም ከዚህ አስተሳሰብ አላመለጡም። በሰሜን አውሮፓ ብዙ ሐኪሞች ቲቢ በዘር ይወረሳል ብለው ያምኑ ነበር። በደቡብ፣ ጣሊያንና ስፔን አካባቢ፣ ተላላፊ ነው የሚለው እምነት ያመዝን ነበርና የሟቹ ዕቃ ይቃጠል ነበር። ሮበርት ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ ማግኘቱን ሲያስታውቅ ክርክሩ ተዘጋ። ቲቢ አይወረስም። ይያዛል።

ግን እኮ ጥያቄው በሌላ በር ተመልሶ ገባ። በሚቀጥሉት ዓመታት በቆዳ ምርመራ ሲታይ ባክቴሪያው ያልነካው የከተማ ሰው ጥቂት ነበር። የታመመው ግን ትንሹ ክፍል ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በቲቢ ባክቴሪያ ተይዟል። ከተያዙት መካከል በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ለሌሎቹ ባክቴሪያው መኖሩም አይታወቃቸው። ኮኽ ለምን እንደምንያዝ ነገረን። ከተያዝን በኋላ ለምን አንዳችን ብቻ እንደምንታመም አልነገረንም።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከመንትዮች ነው። ካልማንና ራይስነር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1943 ኒው ዮርክ ውስጥ ቲቢ የያዛቸውን መንትዮች ቆጠሩ። ሙሉ ለሙሉ የሚመሳሰሉ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው። የማይመሳሰሉት እንደማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው። አንዱ ሲታመም ሌላው የመታመሙ ነገር በተመሳሳዮቹ ላይ እጅግ ጎላ። ቁጥሩ ተጋነነ የሚል ትችት መጣ፤ የሚመሳሰሉ መንትዮች አብረው የሚውሉትና አብረው የሚያድሩትም ይበዛል። በ1978 ኮምስቶክ የተባለ ሐኪም ከብሪታንያ የተሰበሰበ መረጃ ወስዶ ይህን ሁሉ እያጣራ እንደገና ሠራው። ልዩነቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በተመሳሳዮቹ ላይ አሁንም እጥፍ ያህል ነበር።

ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረት ቲቢ ላይም የተወሰነ እውነት አለው ማለት ነው። የት ጋ ነው የሚስበው? ይህን ለማየት ሳንባ ውስጥ መግባት አለብን።

ኡኡታው የማይሰማበት መንደር

የቲቢ ባክቴሪያ ከአየር ጋር ተስቦ የሳንባ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እዚያ ዘብ የሚቆሙ ማክሮፌጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። ሌላ ባክቴሪያ ቢሆን እዚያው ተፈጭቶ ያልቅ ነበር። ቲቢ ግን ተውጦም አይሞትም። ማክሮፌጁ ሆድ ውስጥ ተመቻችቶ ይራባል።

አሁን የዋጠው ሕዋስ እንደተዘረፈ ገበሬ ኡኡ ማለት አለበት። የኡኡታው ድምፅ ኢንተርሊውኪን 12 የሚባል ኬሚካል ነው። ጎረቤቶቹ ቲ ሴል የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። ኡኡታውን ሲሰሙ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ሌላ ኬሚካል ይዘው ይደርሳሉ። ማክሮፌጁ ይህን ሲያገኝ ጉልበቱ ይታደስና ሆዱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ መግደል ወይም ቢያንስ ማፈን ይችላል። የሰው ልጅ ቲቢን የሚቋቋምበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

እዚህ መንገድ ላይ የሚሳሳቱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ኡኡታው ላይወጣ ይችላል። ጎረቤቱ ደንቆሮ ሊሆን ይችላል። ወይም ጎረቤቱ ደርሶ ተዘራፊው ራሱ በሩን አይከፍትም። እያንዳንዱን ነገር የሚሠራው የተለየ ጂን፣ ማለትም አንድ የዘረ መል መመሪያ ነው። አንዱ ጂን ላይ ከባድ ስህተት ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ይህ ግምት አይደለም፣ ታይቷል። በ1996 ሁለት የምርምር ቡድኖች አንድ ነገር ላይ በአንድ ጊዜ ደረሱ። አንደኛው ማልታ ውስጥ ዝምድና ያላቸው ሕፃናትን ያጠና ነበር። ልጆቹ አፈርና ውሃ ውስጥ በሚገኙ፣ ሌላ ሰው ላይ ምንም በማያደርሱ የቲቢ ባክቴሪያ ዘመዶች ይታመሙ ነበር። ሁለተኛው ቡድን ያጠናው የቱኒዚያ ሕፃን ነው። ይህ ሕፃን የቢሲጂ ክትባት ተሰጥቶት፣ ክትባቱ ውስጥ ያለው የደከመ ባክቴሪያ ሰውነቱን ሁሉ ወርሮ ገደለው። በሁለቱም ቦታ የተገኘው ጉድለት አንድ ጂን ላይ ነው፤ ማክሮፌጁ ኢንተርፌሮን ጋማን የሚቀበልበትን በር የሚሠራው ጂን። ጎረቤት ደርሷል፤ በሩ የለም።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ ላይ ሌሎች ብዙ ጂኖች ተገኝተዋል። የዘርፉ ስም የሚጠራው ከዣን ሎራን ካዛኖቫ ጋር ነው፤ ፓሪስና ኒው ዮርክ ላይ የሚሠራ የሕፃናት ሐኪም። የእሱ ቡድን አቋም ደፈር ያለ ነው። ልጅ ከባድ ቲቢ ሲታመም «ዕድሉ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ከአንዳንዱ ልጅ ጀርባ አንድ የተበላሸ ጂን አለ ይላል። ኢንተርሊውኪን 12ን የሚሰማው ጆሮ የጎደላቸውና ቲቢ ብቻ ይዟቸው ሆስፒታል የመጡ ልጆች መገኘታቸው ይህን አቋም ደግፎታል።

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ጉድለቶች የሚታዩት ልጁ የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። አንድ ብቻ የወረሰ ሰው ሳይታወቀው ይኖራል። ዘመዳሞች ሲጋቡ ታዲያ ሁለቱም ያንኑ የተበላሸ ቅጂ የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ልማዳችን እዚህ ጋ ሳይታሰብ አንድ ነገር ይሠራል። አባቶቻችን ስለ ኢንተርፌሮን ጋማ አያውቁም። የቤት ቆጠራው ግን እንዲህ ያሉ በሽታዎች ብርቅ እንዲሆኑ ያግዛል። ልማዱ በሁሉም የኢትዮጵያ አካባቢ እንደሌለ ልብ ይሏል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ በጣም ስለሚገርመኝ ነው። ቲኤንኤፍ የሚባል ኬሚካል አለ። ሰውነት ሲቆጣ የሚያመነጨው ነው። የመገጣጠሚያ ሪህና የአንጀት ቁጣ ሕሙማንን ለመርዳት ይህን ኬሚካል የሚያግዱ መድኃኒቶች ተሠሩ። በ2001 ኢንፍሊክሲማብ የሚባለውን የወሰዱ 70 ሰዎች ቲቢ እንደያዛቸው ሪፖርት ወጣ። አብዛኞቹ መድኃኒቱን በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የታመሙት። ተኝቶ የነበረው ባክቴሪያ ጠባቂው ሲነሳለት ተነሳ። በ2024 ደግሞ ከኮሎምቢያ፣ ከተፈጥሯቸው ቲኤንኤፍ ማምረት የማይችሉ ሁለት ዘመዳሞች ተገኙ። ሁለቱም አዋቂ ናቸው። ሁለቱም ቲቢ ደጋግሞ ይዟቸዋል። ሌላ ጊዜ ግን ጤነኛ ነበሩ! ሐኪሞች ለዘመናት ለስንት ነገር ያስፈልጋል ሲሉት የነበረው ኬሚካል፣ ሳንባ ውስጥ ቲቢን ለመከላከል ብቻ ያለ እስኪመስል ድረስ። በሰው ሠራሽ መድኃኒት የታየውና በተፈጥሮ የታየው ሲገጣጠም ማስረጃው ይጠነክራል።

ከአጥንት የተነበበው

እስካሁን ያልናቸው ጉድለቶች ብርቅ ናቸው። ከእነሱ ከፍ ብሎ፣ ብርቅም ተራም ያልሆነ አንድ አለ። ታይክ 2 የሚባል ጂን ላይ ያለ ትንሽ ለውጥ ነው። ለውጡን ከሁለቱም ወላጅ የወረሰ ሰው ኢንተርፌሮን ጋማን የሚያስነሳው አንዱ ትእዛዝ ይደክምበታል። ከአውሮፓውያን ዘር ከ600 ሰው አንዱ እንዲህ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በምሥራቅ እስያ ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ለምናየው ቲቢ ብዙ አይነግረንም። ታሪኩ ግን ይገርማል።

በ2021 ተመራማሪዎች ከጥንት አውሮፓውያን አጥንት የወጣ ዲኤንኤ መረመሩ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ናቸው። ለውጡ በነሐስ ዘመን አሁን ካለው በጣም በዝቶ ይታያል። ባለፉት 2,000 ዓመታት ውስጥ ግን ቁልቁል ወረደ። ለውጡን ከሁለት ወገን የያዙት ልጅ ሳይወልዱ ወይም ልጅ ሳያሳድጉ እያለቁ መጡ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ገዳዩ ቲቢ ነው ይላሉ። ለእኔ አሳማኝ ነው፤ ከተማ እየሰፋ፣ ሰው እየተጨናነቀ የመጣበት ጊዜም ስለሆነ።

ታዲያ ለውጡ ጨርሶ ለምን አልጠፋም? ሌላ ጥቅም አለውና። የሰውነት መከላከያ በራሱ አካል ላይ እንዳይዘምት ያደርጋል። ይህን ያዩ መድኃኒት ሠሪዎች ታይክ 2ን የሚያዳክም ክኒን ሠሩ። ዱክራቫሲቲኒብ ይባላል፤ ሶራያሲስ ለሚባለው የቆዳ ሕመም በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ቲቢ እንዲመረመር ይመከራል። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

እኛ የቀረነውስ?

አብዛኛው የቲቢ ሕመምተኛ አንድ የተሰበረ ጂን የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። የሺዎችን ሕሙማንና የሺዎችን ጤነኞች ዲኤንኤ ጎን ለጎን አድርጎ፣ በሕሙማኑ ላይ የሚበዛ ልዩነት መፈለግ። ለስኳርና ለልብ በሽታ ይህ ዘዴ መቶዎች ፍንጮች ሰጥቷል። ለቲቢ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ ያስቆረጠ ነበር።

ጋናና ጋምቢያ ላይ በ2010 ከቲቢ ጋር የተያያዘ አንድ የዲኤንኤ ቦታ ተገኘ፤ 18ኛው ክሮሞዞም ላይ። ሩሲያ ላይ በ2015 ሲፈለግ ሌላ ጂን ወጣ። አይስላንድ ላይ በ2016 ደግሞ ሌላ። አንዱ አገር የተገኘው ሌላው ጋ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ቡድኖቹ ተሰባስበው መረጃቸውን ደመሩ። በ2024 የታተመው ድምር ጥናት ከ14 ሺህ በላይ ሕሙማንንና ከ19 ሺህ በላይ ጤነኞችን ይዟል። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ። ለሁሉም በጋራ ጎልቶ የወጣው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኤችኤልኤ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ሕዋሳት የባክቴሪያ ቁራጭ ለቲ ሴል አሳይተው «ይህን እወቁት» የሚሉበት ክፍል። ያው እንደገና ወደ ኡኡታው መንደር መጣን።

ይህን ያህል ሰው ተመርምሮ አንድ ቦታ? ሦስት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ልዩነት ጉልበት በጣም ትንሽ ነው፤ በሺዎች የተበታተነ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ «ጤነኛ» ተብሎ የተቆጠረው ሰው ምናልባት ባክቴሪያው ደርሶት አያውቅም። ከዚህ ሰው ምን ይነበባል? ሦስተኛው ለእኛ ይቀርባል። ባክቴሪያውም ዝርያ አለው።

የቲቢ ባክቴሪያ ከሰው ጋር ሲዞር ኖሮ በየአካባቢው ተለያይቷል። ዝርያ 7 የሚባለው በ2010ዎቹ መጀመሪያ የታወቀ ነው። የሚገኘው በዋናነት ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ወልድያና አካባቢዋ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ያድጋል። አንድ ጂን አንዱን ዝርያ ለመቋቋም ረድቶ ሌላውን ላይረዳ ይችላል። ስለዚህ አይስላንድ ላይ የተገኘ ውጤት ወልድያ ላይ አልሠራም ብሎ መገረም አያስፈልግም።

ሌላም የእኛ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ከቲቢ ሕሙማን ሲሦ ያህሉ ከሳንባ ውጭ ነው የሚታመሙት። አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት ዋናው ነው። ከዓለም አማካይ ሲታይ ይህ ብዙ ነው። ድሮ ጥርጣሬው ያልፈላ ወተት ላይ ነበር፤ የከብት ቲቢ ይሆናል ተባለ። በ2013 የታተመ ሰፊ ጥናት ባክቴሪያውን ከሕሙማን ወስዶ ሲለይ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰው ቲቢ ሆኖ ተገኘ። የከብቱ ጥቂት ነው። (ወተቱን ግን አሁንም አፍሉት።) የሰው ዘረ መል እዚህ ውስጥ እጁ ይኖርበት እንደሆነ የሚመልስ ጥናት ከእኛው ሕሙማን መምጣት አለበት። ከሌላ አገር ተቀድቶ አይመጣም።

ካምፓላ ላይ የተሠራ ሥራ ደግሞ ጥያቄውን ገለበጠው። ማን ይታመማል ከማለት ማን እምቢ ይላል። እዚያ ከሚያስል ሕመምተኛ ጋር አንድ ቤት የኖሩ ሰዎች ለዓመታት ይመረመሩ ነበር። ከመካከላቸው በቆዳም በደምም ምርመራ ባክቴሪያው እንደያዛቸው ምልክት ጭራሽ የማይገኝባቸው አሉ። ከዚህም የሚያስደንቀው በ2016 ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ የወጣው ነው። ኤችአይቪ በደማቸው እያለ፣ ቲቢ በበዛበት አገር እየኖሩ፣ በቲቢ ያልታመሙ ሰዎች ተጠኑ። ጥበቃ የሚሰጥ ልዩነት ተገኘባቸው፤ ኢንተርሊውኪን 12ን ከሚሠራው ጂን አጠገብ። ድምፁ ጎላ ያለ ኡኡታ ያላቸው ሰዎች ይመስላሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከሁሉም ተስፋ የሚጣልበት መንገድ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ከታወቀ ክትባት ሠሪዎች የሚቀዱት ነገር ያገኛሉ።

ዘረ መል ሰበብ ሲሆን

የዘር ወሬ አደገኛ የሚሆንበት ቦታም አለ። ካናዳ ውስጥ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰባቸው እየተወሰዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ይከተቱ ነበር። በ1907 ፒተር ብራይስ የተባለ የመንግሥት ሐኪም ትምህርት ቤቶቹን ጎበኘ። መረጃ ከተገኘላቸው 1,537 ተማሪዎች ሩብ ያህሉ ሞተው ነበር። ዋናው ገዳይ ቲቢ ነው። ብራይስ የጻፈው ስለ ታፈኑ ክፍሎች፣ አየር ስለማይገባባቸው መኝታ ቤቶች፣ ከጤነኛ ጋር ስለሚያድሩ ሕሙማን ልጆች ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች ግን «ይህ ዘር ለቲቢ ደካማ ነው» ማለት ይቀናቸው ነበር። ዘሩ ጥፋተኛ ከሆነ መስኮት መክፈት አያስፈልግማ!

ሌላ ማስረጃ ከእንግሊዝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቲቢ እዚያ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነበር። የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ በ1940ዎቹ ሲመጣ አብዛኛው ሞት አስቀድሞ ቀንሷል። በሦስትና በአራት ትውልድ የሕዝብ ጂን እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ቤቱ፣ ምግቡና የሕሙማን አያያዝ ነው።

የቅርብም አለ። ሕንድ ውስጥ ጃርካንድ በሚባል ክልል የሳንባ ቲቢ ሕሙማን ቤተሰቦች በየወሩ አስቤዛ ተሰጣቸው። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ፣ አስቤዛ ያገኙት የቤተሰብ አባላት በቲቢ የመታመማቸው ነገር ባላገኙት ላይ ከታየው በ40 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ሩዝና ጥራጥሬ ይህን ያህል ሠራ። ተራ ሰው ከሚይዘው ጂን መካከል ይህን የሚያህል ጉልበት ያለው እስካሁን አልወጣም። ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ አልኮልም እንደዚያው ከብዙ ጂኖች ተደምረው ይከብዳሉ።

ታዲያ ለቤት ምን ይጠቅማል?

«የጂን ምርመራ ላድርግ?» ለሚል ሰው፣ አይ። ለተራ አዋቂ ቲቢን የሚተነብይ የዘረ መል ምርመራ የለም። በዘራቸው አለ የተባለ ቤተሰብ መሥራት ያለበት ሌላ ነው። አንድ ሰው ቲቢ ከተገኘበት አብረውት የሚኖሩት ሁሉ፣ በተለይ ሕፃናቱ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። ላልታመሙትም መከላከያ መድኃኒት አለ። ከእነዚህ አንዱ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር የሚወሰድ ነው።

ዘረ መል በዕለት ተዕለት ሕክምና ላይ በእርግጥ የሚነካን መድኃኒቱ ጋ ነው። አይሶኒያዚድ ከቲቢ ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ጉበት ውስጥ የሚያስወግደው ናት 2 የሚባል ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ነው። አንዳንዱ ሰው ፈጣን ነው፤ መድኃኒቱ ቶሎ ይወጣለታል። አንዳንዱ ዘገምተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል። በኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሆንነው ዘገምተኞቹ ጎራ እንደሆንን ያሳያሉ። ዘገምተኛ መሆን ጉበት በመድኃኒቱ የመጎዳቱን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ብዙው ሰው ምንም አይሆንም። ነገር ግን መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ምግብ ጭራሽ ካስጠላው፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ያን ዕለት ወደ ሐኪሙ ይሂድ። መድኃኒቱ ይለወጣል፣ ይስተካከላል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሌላ ጣጣ ነው፤ መድኃኒት የለመደ ቲቢ ይፈጥራል።

ለእነዚያ ብርቅ ቤተሰቦችም የሚባል አለ። ልጁ የቢሲጂ ክትባት ከወሰደ በኋላ ብብቱ ሥር ትንሽ እጢ ቢያብጥ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥ አይደለም። እብጠቱ ወደ ሌላ ሰውነት ከተዛመተ፣ ልጁ እየከሳ ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ወይም በቤቱ ከዚህ በፊት አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሞቶ ከሆነ ግን የጂን ጥያቄ የሚነሳው ያኔ ነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ማምረት ላቃተው ልጅ ከመድኃኒቱ ጋር ራሱን ኢንተርፌሮን ጋማን በመርፌ መስጠት ይቻላል። መቀበያው በር ጭራሽ ለሌለው ልጅ ግን መርፌው አይሠራም፤ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው የሚታሰበው። እኛ አገር ቢሲጂ የሚሰጠው ልጅ እንደተወለደ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት እናት ቀጣዩ ልጅ ሲወለድ፣ መርፌው ሳይወጋ በፊት፣ የመጀመሪያው ልጅ ምን እንደሆነ ለአዋላጇ ትንገራት።